ለማይጠይቅ አንባቢ የሚጻፍ ሰነድ፦ ኮድ አመንጪ መሣሪያዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ዘመን

መግቢያ

ኮድ አመንጪ መሣሪያ ማለት ጥቂት ትእዛዝ ተቀብሎ ብዙ የፕሮግራም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ነው። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የሶፍትዌር ምሕንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የላራቬል «አርቲሳን»፣ የጃንጎ የትእዛዝ መስመር፣ የሩቢ ኦን ሬይልስ «ስካፎልድ» ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። አንድ መስመር ሲጻፍላቸው እንደየአቅማቸው የኮድ አጽም አውጥተው ያስረክባሉ። የመምሪያ ቤትም ሆነ የተማሪ ቡድን የራሱን ልማድ የሚከተል ተመሳሳይ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል፤ የሚሠሩም አሉ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትእዛዙን የሚሰጠውም፣ መመሪያውን የሚያነበውም ሰው ነበር። ዛሬ ሁለተኛ አንባቢ መጥቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ በተለምዶ «ኤጀንት» የሚባለው፣ በሰው ቋንቋ የተነገረውን ግብ ተቀብሎ ሰነድ ያነባል፤ ትእዛዝ ይመርጣል፤ መሣሪያውን ያስነሣል፤ የወጣውን ውጤት ተመልክቶ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይሄዳል። ይህን አንባቢ ታሳቢ ያደረጉ ልማዶችም በዓለም ላይ በፍጥነት እየተተከሉ ነው። ጀረሚ ሃዋርድ በ2024 እ.ኤ.አ. ድረ ገጾች ለቋንቋ ሞዴሎች የተዘጋጀ አጭር የጽሑፍ ፋይል እንዲይዙ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴሎችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተሰኘ የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኤጀንትስ ኤምዲ» የተባለው፣ ለወኪሎች ብቻ የሚጻፍ የፕሮጀክት መመሪያ ፋይል ተስፋፋ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለወኪል የሚጻፍ ሰነድ የሥራው ማሳረጊያ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ከኮዱ እኩል የሚመዘን የሥራው አካል ሊሆን ይገባል። ሁለተኛው፣ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ሰነድ ከሌላው ዓለም ሰነድ የበለጠ ሸክም አለበት፤ ሞዴሎቹ ከሌላ አገር ልማድ የተማሩትን በእኛ ቀን፣ በእኛ ስምና በእኛ ፊደል ላይ እንዳይጭኑ የሚከለክለው እርሱ ነውና።

የአዲሱ አንባቢ ጠባይ

ሰው ሰነድ ሲያነብ ያልገባውን ይዘልላል፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ይጠይቃል፤ ቢጠራጠር ስልክ ይደውላል። የተማሪ ቡድን ውስጥ «ይህን ነገር ማን ነው የሠራው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ ብዙ ሥራ ይሠራል። ስለዚህም ሰነዶቻችን ጎደሎ ሆነው እንኳ ሥራው ሳይቆም ኖሯል። ጉድለቱን የሚሞላው የሰው አፍ ነበር።

ወኪል ግን ይህ ልማድ የለውም። እንዲጠይቅ ታዝዞ ካልሆነ በቀር ክፍተት ሲያገኝ የመቆም ዝንባሌው አነስተኛ ነው፤ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ግምቱም ከየትም የመጣ አይደለም፤ በሥልጠናው ወቅት አዘውትሮ ያየው ነው። «የተመዝጋቢ ስም» የሚል ቃል ቢያገኝ ብዙ ጊዜ ያየው «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖችን ነው። «የልደት ቀን» ቢባል ብዙ ጊዜ ያየው የጎርጎርዮስ ዘመን አቆጣጠር ነው። ግምቱ በሌላ አገር ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ስሕተት ነው፤ ከዚያም የሚብሰው ስሕተቱ የተስተካከለና የሚሠራ መስሎ መውጣቱ ነው።

ሰነድ ጸሐፊው እንግዲህ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ «አንባቢዬ ይህን ያውቃልን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃው ነበር። አሁን «ይህን ባልጽፈው አንባቢዬ በምን ይሞላዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከአንድምታ ወደ አንድ ትርጉም

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም ሆነ በሌሎች ጉባኤ ቤቶች ያለፈ ተማሪ የሚመሰገነው አንድን ቃል ሰምና ወርቅ አድርጎ፣ ላይኛውንና ውስጡን ለይቶ ማቅረብ ሲችል ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜውም «አንድም» እያለ አንዱን ቃል ከብዙ አቅጣጫ ያያል። ይህ ሥርዓት የሚቆመው መምህሩ በመኖሩ ነው። የአንድምታ ትርጓሜ ለረጅም ዘመን በቃል ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ እውቀት ነው፤ ተማሪው ቢሳሳት የኔታ ያርሙታል፤ ቢጠፋበት ተመልሶ ይጠይቃል።

የመሣሪያ ሰነድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ወርቁ ሰም ሳይለብስ መውጣት አለበት። «ቀኑን በአግባቡ ያስገቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለሰው ጨዋ ምክር ነው፤ ለወኪል ግን ምንም አልተባለም። «አግባብ» የሚለው ቃል ሁለትና ሦስት ትርጉም ይወልዳል፤ ወኪሉም ከሦስቱ አንዱን ያለ ይሉኝታ ይመርጣል። በአንጻሩ «ተጠቃሚው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባል፤ መሣሪያው ወደ ጎርጎርዮስ ቀይሮ ያስቀምጣል፤ ሲያሳይ መልሶ ወደ ኢትዮጵያ ይቀይራል» የሚለው «አንድም» የማይባልበት ጽሑፍ ነው።

ይህን ስል የቅኔው ሥልጠና ለዚህ ሥራ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ይልቁንም ይጠቅማል። አንድ ቃል ስንት መንገድ እንደሚሄድ ለማየት የሠለጠነ ሰው፣ መንገዶቹን ለመዝጋትም ከሌላው የተሻለ ዐይን አለው። ጥሩ ሰነድ ጸሐፊ የራሱን ዐረፍተ ነገር «አንድም» እያለ ይፈትነዋል፤ ሁለተኛ ትርጉም ካገኘ ያን ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጽፈዋል።

በማንኩሳ አንድ መዝገብ ቢሠራ

ነገሩን ከጽንሰ ሐሳብ ለማውረድ አንድ ሥራ እናስብ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ በማንኩሳ አካባቢ የሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የማዳበሪያ ማከፋፈያ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ፈለገ እንበል። የተማሪዎች ቡድን ኮድ አመንጪ መሣሪያ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በየቀበሌው የሚለያዩትን ቅጾች የሚያወጣው ወኪል ነው። ሰነዱ ስለ አገሩ ዝም ካለ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ቀኑ ይበላሻል። የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት በጎርጎርዮስ ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ወኪሉ የካቲትን በስም ብቻ ፌብሩዋሪ አድርጎ፣ ዓመቱን 2016፣ ወሩን 2፣ ቀኑን 30 ብሎ ለመረጃ ቋት ቢሰጥ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጠንቃቃ ቋት እምቢ ይላል። ጃቫስክሪፕት ግን እምቢ አይልም፤ ቀኑን ዝም ብሎ ወደ ማርች 1 ቀን 2016 ያሳልፈዋል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር በመሆኗ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች መደበኛ የቀን ዐይነት ውስጥ ቦታ የላትም።

ጮኸው የሚወድቁ ስሕተቶች ግን የተሻሉ ናቸው፤ ይታያሉና። የከፋው ጸጥ ብሎ የሚያልፈው ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳይቀየር ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ሆኖ ቢመዘገብ ምንም መሣሪያ አይቃወምም፤ ቀኑ ግን ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። በ1970 ዓ.ም. የተወለደ ገበሬ በ2017 ዓ.ም. 47 ዓመቱ ነው፤ ሁለቱን አቆጣጠሮች የቀላቀለ ኮድ ግን 2025 ላይ 1970ን ቀንሶ 55 ያደርገዋል። በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ ሁሉ በዚህ ቁጥር ይወሰናል።

ሁለተኛ ስሙ ይበላሻል። የጃንጎ መደበኛ የተጠቃሚ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ ሁለት ዐምዶች ይዞ ይመጣል። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አባትና ልጅ አንድ «የቤተሰብ ስም» ስለማይጋሩ፣ ቤተሰብን በዚያ ዐምድ የሚያሰባስብ ኮድ የአንድን ቤት ሰዎች ይበትናል። ክፍተትን ተከትሎ ስም የሚቆርጥ ኮድ ደግሞ «ገብረ ማርያም» ወይም «ወልደ ሥላሴ» የሚለውን አንድ ስም ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ ማርያምና ሥላሴ የአባት ስም ሆነው ይመዘገባሉ።

ሦስተኛ ፊደሉ አለ። ማንኩሳን በልብ ወለድ ካርታ ላይ ያኖራት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስም ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሀዲስ፣ ሃዲስ፣ ሐዲስ፤ አለማየሁ፣ ዐለማየሁ፣ ዓለማየሁ። ሲነበቡ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ነው። በሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ልዩነት ብቻ ከአሥር በላይ አጻጻፍ ይገኛል። «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተሰላም» እንኳ ሁለት ከተማ ይሆናሉ። የአንዱ ጸሐፊ «ኃይሌ» በሌላው «ሀይሌ» ሲሆን፣ ገበሬው አንድም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ አንድም ተራው ሲደርስ ስሙ ይታጣል። ክረምት ሊገባ ሲል ስሙ የታጣ ገበሬ የጠፋበት የዓመት በቆሎው ነው።

አራተኛ ሰዓቱ አለ። «ስርጭቱ 2 ሰዓት ይጀምራል» ሲባል የማንኩሳ ሰው ጠዋት መሆኑን ያውቃል። ኮዱ ግን ሌሊት 2 ሰዓት ወይም ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ያደርገዋል። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት በሰነዱ ካልተጻፈ፣ መልእክቱ ሌሊት ይላካል፤ ወይም ሰው ከሄደ በኋላ ይደርሳል።

ከእነዚህ አንዱም ቢሆን የማይቻል ነገር አይደለም። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማውና የጤና ሚኒስቴራችን የሚጠቀምበት «ዲኤችአይኤስ 2» የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይደግፋል። ችግሩ የቴክኒክ አቅም አይደለም፤ መሣሪያውን የሚያስነሣው አንባቢ አቅሙ እንዳለ፣ መቼና እንዴት እንደሚጠቀምበትም ሳይነገረው መቅረቱ ነው።

ያልተሰነደ ነገር ዋጋ

ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ገዝተነዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ቅጽ 3.0 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው የተለያዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ የቁጥር አደራደር፣ ለላቲን ፊደል በተመደበ ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል።

ፋይሎቹ አልጠፉም። የጠፋው የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚናገረው ሰንጠረዥ ነው፤ ወይም ሰንጠረዡ ያለው አንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰንጠረዡ በተገኘበት ቦታ አሮጌ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ይዞራል፤ ባልተገኘበት ቦታ ደግሞ ጽሑፉ እንደገና በእጅ ይተየባል፤ ወይም ይተዋል። ኮድ አመንጪ መሣሪያ የሚፈጥረው አደጋ ከዚህ ይበልጣል፤ ያኔ አንድ ጸሐፊ አንድ ደብዳቤ ያበላሽ ነበር፤ ዛሬ አንድ ያልተሰነደ ልማድ በወኪል እጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሃምሳ ቅጾች ላይ ሊባዛ ይችላል።

ሰነዱ ምን ይያዝ?

ከዚህ በመነሣት ለወኪል የሚዘጋጅ የመሣሪያ ሰነድ ቢያንስ ስድስት ነገሮች እንዲይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ወሰን። መሣሪያው ምን እንደሚያወጣና ምን እንደማያወጣ በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር ይገለጽ። «የመመዝገቢያ ቅጽና ሠንጠረዥ ያወጣል፤ የክፍያ ኮድ አያወጣም» የሚለው ወኪሉን ከማይመለከተው ሥራ ይመልሰዋል።

2. ትእዛዝና ውጤት። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ፣ ሊገለበጥ በሚችል መልኩ ይጻፍ፤ ምን ፋይል በየትኛው ማኅደር እንደሚፈጥር፣ ነባር ፋይል ቢያገኝ ይተወው ወይስ ይደርብበት እንደሆነ ይነገር።

3. ስሕተትና መውጫው። የስሕተት መልእክት ራሱ የሰነዱ አካል ነው። «አልተሳካም» ብሎ የሚያቆም መሣሪያ ወኪሉን ለግምት ያሰናዳዋል። «13ኛ ወር የሚፈቀደው በኢትዮጵያ ቀን ዐይነት ብቻ ነው፤ የዐምዱን ዐይነት ቀይረህ ድገም» የሚል ግን መንገዱን ያሳየዋል።

4. የአገር ሕግጋት ከፈተና ምሳሌ ጋር። ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ ገጽ ከመጻፍ ይልቅ፣ የማይሳሳቱ ጥንዶችን ማስቀመጥ ይሻላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። እነዚህ ሦስት መስመሮች የዘመነ ሉቃስን ተጨማሪ ቀን ያላወቀ ኮድ ወዲያው ያጋልጣሉ። ለስምም እንዲሁ፤ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የሚመለሱበት ሁለተኛ ዐምድ ይኑር። ባለቤቱ የጻፈውን ማረም የመሣሪያ ሥልጣን አይደለም።

5. ክልክል። የላራቬል «ማይግሬት ፍሬሽ» ትእዛዝ ሠንጠረዦችን ሁሉ ሰርዞ እንደገና ይሠራል። በልምምድ ኮምፒውተር ላይ ጠቃሚ ነው፤ የማኅበሩ እውነተኛ መዝገብ ባለበት ግን የዓመት ሥራ ይደመስሳል። በሠንጠረዥ ስሕተት የተቸገረ ወኪል ይህን እንደ መፍትሔ ሊመርጥ ይችላል። የትኛው ትእዛዝ ያለ ሰው ፈቃድ እንደማይነካ በግልጽ ይጻፍ።

6. ማረጋገጫ። ወኪሉ ሥራውን መጨረሱን በምን እንደሚያውቅ ይነገረው፤ የትኛውን ፈተና ያስኪድ፣ ምን ውጤት ይጠብቅ፣ ባያገኝ መቼ ቆሞ ለሰው ያስረክብ።

በእነዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በሰነድ ውስጥ የሚገቡ ምሳሌዎች የእውነተኛ ሰው ስም፣ ስልክ ወይም የመታወቂያ ቁጥር ሊይዙ አይገባም። ሰነዱ ወኪሉን በሚያንቀሳቅሰው ሞዴል አማካይነት ከአገር ውጭ ወዳለ ኮምፒውተር ሊሄድ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም።

በየትኛው ቋንቋ?

ሰነዱ በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚለው ጥያቄ ስሜት የሚነካ ነው። እኔ መልሱ በሁለት ይከፈላል እላለሁ።

ትእዛዙ፣ የዐምድ ስሙና የፈተናው ኮድ ዛሬ በእንግሊዝኛ ቢሆን ምክንያት አለው። ሞዴሎቹ በብዛት የተማሩት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ከዚህም ሌላ በተለመደው «ዩቲኤፍ 8» አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ብዙ ሞዴሎችም የአማርኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይከፍሉታል። ክፍያው በቁርጥራጭ በሚታሰብበት፣ የሚነበበውም መጠን ወሰን ባለው ሥርዓት ውስጥ ይህ በኪስም በጥራትም ይሰማል።

የአገሩ ሕግና ምክንያቱ ግን በአማርኛ መኖር አለበት። «የአያት ስም ለምን ግዴታ ሆነ?»፣ «ሁለት ተመሳሳይ ስም ሲገኝ ማን ይወስናል?» የሚሉት ውሳኔዎች የፕሮግራመር አይደሉም፤ የማኅበሩ፣ የቀበሌው፣ የወረዳው ናቸው። ወኪሉ የሚሠራበትን ሕግ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም አንብቦ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ካልቻለ፣ ሥልጣኑ ሳይታወቅ ከማኅበሩ ወጥቶ ሰነዱን ወደጻፈው ሰው ተዛውሯል። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን በአንድ ማኅደር ይቀመጡ፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ካልተለወጠ ፈተናው ይውደቅ። ማኅደሩም ከመሣሪያው ጋር በኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፤ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በሚቋረጥበት አካባቢ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ያለ መመሪያ የሌለ ያህል ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሞዴሎቹ በየዓመቱ እየበረቱ ነው፤ ነገ ያለ ሰነድ ይረዱታል» ይላል። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ያላቸው እውቀት በእርግጥ እያደገ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን እውቀትና ውሳኔ ይለያያሉ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው መቼ እንደሆነ በእውቀት ይገኛል። የማንኩሳ ማኅበር የጳጉሜንን ስርጭት በነሐሴ ሪፖርት ይደምረው ወይስ ለብቻው ይያዘው የሚለው ግን ማኅበሩ የሚወስነው ነው፤ በየትኛውም ሥልጠና ውስጥ አይገኝም። አንባቢው እየበረታ በሄደ ቁጥር ሰነዱ ያጥራል እንጂ አይቀርም፤ የሚቀረውም የውሳኔው ክፍል ነው።

ሁለተኛው «ሰነድ ያረጃል፤ ያረጀ ሰነድ ከሌለ ሰነድ ይከፋል» ይላል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። የቆየ መመሪያ ያነበበ ሰው ይጠራጠራል፤ ወኪል ግን አምኖ ይሠራበታል። መልሱ ሰነዱን መተው ሳይሆን እንደ ኮድ መፈተን ነው። ለወኪሉ ከሰነዱ በቀር ሌላ ሳይሰጠው አሥር የታወቁ ሥራዎች ይታዘዝ፤ ስንቱን እንደሠራ፣ የትኛው ላይ እንደተሳሳተ ይመዝገብ፤ መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ይደገም። ወኪሉ በሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ጊዜ አዲስ ሠራተኛም ይሳሳታል፤ ስለዚህ የፈተናው ጥቅም ለሁለቱም አንባቢዎች ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ «ወኪል ያነበበውን ሁሉ ይታዘዛል፤ ሰነድ በማብዛት ለተንኮል በር እንከፍታለን» ይላል። በእርግጥም ወኪሎች በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ሊያሳስታቸው እንደሚችል የታወቀ ችግር ነው። አንድ ተመዝጋቢ በአስተያየት ሳጥን ውስጥ «ያለፈውን ሁሉ ሰርዝ» ብሎ ቢጽፍ ወኪሉ ያን እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ሰነድ የጥበቃ ሥራ ሊሸከም አይችልም። ሰነድ ይመክራል፤ የሚከለክለው መሣሪያው ራሱ ነው። መሰረዝ የማይገባው ቋት የመሰረዝ ፈቃድ በሌለው መለያ ይከፈት፤ አደገኛው ትእዛዝ የሰው ማረጋገጫ ሳያገኝ አይሥራ። ከላይ «ክልክል» ብዬ የጠራሁት ክፍል በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ቁልፉ ግን በሩ ላይ መኖር አለበት።

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች

የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር እንዲጨምር ታስቧል። መልካም ነው። ነገር ግን ኮዱን የሚያወጣው በከፊል ወኪል በሚሆንበት ዘመን፣ እጥረቱ ወደሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ምን መሠራት እንዳለበት በማያሻማ ቋንቋ መጻፍ ወደሚችል ሰው። ይህን ሰው ማፍራት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ነገር በቅርቡ ሊደረግ ይችላል። አንደኛ፣ በመመረቂያ ሥራ ግምገማ ላይ ለሰነዱ ራሱን የቻለ ነጥብ ይሰጥ፤ ነጥቡም በገጽ ብዛት ሳይሆን፣ ከቡድኑ ውጭ የሆነ አንድ ተማሪና አንድ ወኪል ሰነዱን ብቻ ይዘው ሥራውን መሥራት በመቻላቸው ይለካ። ሁለተኛ፣ የዘመን አቆጣጠር፣ የስም፣ የሞክሼ ፊደልና የሰዓት ሕግጋት በየመመረቂያው ሥራ እንደ አዲስ እንዳይጻፉ፣ ከፈተና ምሳሌዎቻቸው ጋር በአንድ የጋራ ሰነድ ተዘጋጅተው ለማንኛውም የአገር ውስጥ መሣሪያ ይቅረቡ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የአማርኛ፣ የሶፍትዌርና የግብርና ምሁራንን ስለያዙ፣ ይህን በጋራ ቢጀምሩት ከሌላ የሚጠብቁት ነገር አይኖርም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የሚያገለግለው ማኅበር ወይም ቢሮ የአማርኛውን ክፍል አንብቦ ሳያጸድቅ ሥራው እንዳለቀ አይቆጠር።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በማንኩሳ መንገድ ዳር ማዳበሪያ ሊወስድ የተሰለፈ ገበሬ ኮዱን ማን እንደጻፈው፣ ሰው ይሁን ወኪል፣ ጉዳዩ አይደለም። ጉዳዩ ስሙ መገኘቱ ነው። ስሙ ባይገኝ ደግሞ ለምን እንዳልተገኘ በሚያውቀው ቋንቋ የሚነግረውና ሊያርመው ሥልጣን ያለው ሰው ማግኘቱ ነው። ያ ሰው መልስ የሚያገኘው ከሰነዱ ነው፤ ሰነዱ ከተጻፈ።